የትልቋ እህት ስም

ፎርት ሃርላን፣ ኮሎራዶ
ጁን 9 ቀን 1974

ለተወደዱት የአያቴ ወንድም፣ ለአባባ ኦስካር፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ፈረሶችዎ ጠግበው፣ ዓይንዎም ካለፈው ክረምት ተሽሎት ያግኝዎ። ለእትዬ ዶራም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ያው አንባቢዎም ጸሐፊዎም እሳቸው ስለሆኑ ከእርስዎ ቀድመው ተቀብለውታል።

እዚህ የድሮ የጦር ምሽግ ውስጥ በአስጎብኚነት ሥራ ጀምሬያለሁ። ሰፊ ባርኔጣና አረንጓዴ ሱሪ ሰጥተውኛል። ቢያዩኝ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ፈረሰኛ ጦሩ ተመልሶ መጣ ይላሉ። በቀን አራት ጊዜ ጎብኚዎችን ይዤ ምሽጉን አዞራለሁ፤ አራት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩትን በሃያ ደቂቃ ጨርሼ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከላይ ካለው ብሔራዊ ፓርክ ሲመለሱ ምሳቸውን ለመብላት የሚቆሙ ናቸው። ትናንት አንዲት ሴትዮ፣ ደግ ፊት ያላት፣ እዚህ ይኖር የነበረው ሕዝብ ወዴት እንደጠፋ ጠየቀችኝ። ወደ ምዕራብ ሁለት መቶ ማይል ርቆ ድርቆሽ እያጨደ ነው አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ባሏንም ጠርታ ድገሚለት አለችኝ።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወታደሮቹ ከወጡ በኋላ ይህ ምሽግ ለእኛ ለዩቶችና ለሌሎች ቀይ ሕንዶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። ይህንን ሰሌዳው ላይ በአንድ መስመር ጽፈውታል። አያቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሲያተኩሳት፣ ትልቋ እህታችን ተራራውን ተሻግራ ትምህርት ቤት ተወሰደች፣ አልተመለሰችም ብላኝ ነበር። በማግስቱ ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። ቢሮው ውስጥ አንድ አሮጌ መዝገብ አለ፤ አሥራ አንድ ልጆች ሞተው ከግቢው በስተጀርባ መቀበራቸውን ይናገራል። አሁን እዚያ የሽርሽር ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ወደዚህ ነው የመጣችው?

የእህትዎ የልጅ ልጅ፣
ቨርና


ዋይትሮክስ፣ ዩታ
ጁን 21 ቀን 1974

ለልጄ ለቨርና፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያሳደገሽ ተራራ ጥላውን አይንሳሽ። እኔ አለሁ። ዓይኔ እንደነበረ ነው፤ ጉልበቴ ግን ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል።

የመጀመሪያው ድርቆሽ ገብቷል። ያቺ ቡላ ባዝራ ወለደች፤ ውርንጭላው እግሩ ረዝሞበት ዶራን ይመስላል። (ይህን የጻፍኩት ስላስገደደኝ ነው፤ ዶራ።) በፀደዩ የድብ ጭፈራ ላይ አለመምጣትሽን ሰው ሁሉ አየ። በዚያ ጭፈራ የሚመርጡት ሴቶች መሆናቸውን ረስተሽ ከሆነ ላስታውስሽ፤ ሁለት ጎረምሶች አንቺን ሲጠብቁ ሦስቱንም ቀን ግድግዳ ተደግፈው ዋሉ። አንደኛው እስከ ዛሬ ጀርባውን ያመዋል።

አንድ ነገር ላዝሽ። በአባቴ ልጅነት፣ ሕዝባችን ከዚያ አገር ሳይባረር በፊት፣ ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ የሚያልፍ መንገድ ነበረው። በዳሩ ድንጋይ ተከምሯል ይለኝ ነበር። አሁን ፓርክ ውስጥ ነው ይባላል። እረፍት ስታገኚ ሂጂና ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተሽ ጻፊልኝ። አባቴ ከሁለቱም በኩል ይመጣል ይል ነበር፤ ውሸታም ስለነበረ ማረጋገጥ እፈልጋለሁ።

ኦስካር

ዶራ ነኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ የጻፍሽውን ሳነብለት ተነሥቶ ወደ ፈረሶቹ ሄደ፤ ራቱ ቀዝቅዞ ነው የተመለሰ። ምን ብዬ ልመልስላት ብዬ ብጠይቀው፣ ስለ ድርቆሹ ጻፊ አለኝ።


ፎርት ሃርላን
ጁላይ 3 ቀን 1974

ለአባባ ኦስካር፣

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይራቅ፤ እግረ ረጅሙ ውርንጭላም ይደግልዎ።

እንዳዘዙኝ ሄድኩ። አባትዎ አልዋሹም፤ ንፋሱ ከሁለቱም በኩል ይመጣል፤ መሐል ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል አያውቅም። የድንጋዩ ክምር አለ። ሰሌዳ ላይ የዩት መንገድ ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ ደግሞ ሣሩ ስስ ስለሆነ ከመተላለፊያው አትውጡ የሚል ሌላ ሰሌዳ አለ። አልወጣሁም። አባትዎ በፈረስ ያለፉበትን መንገድ ከገመድ ወዲህ ቆሜ አየሁት። አጠገቤ አንድ ሰውዬ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ቀይ ሕንዶቹ ይህን ሁሉ ሲወጡ እንዴት ትንፋሽ እንደማያጥራቸው ያስረዳው ነበር። ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር አላረምኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እባክዎ ወደ ፈረሶቹ አይሂዱ። እትዬ ዶራ፣ በሩን ይዝጉልኝ።

ጠረጴዛዎቹ የተደረደሩበት ሜዳ በሴፕቴምበር 16 በዶዘር ሊደለደል ነው። ጎብኚው ስለበዛ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። የስፍራው ኃላፊ ሚስተር ኬንድሪክ ይባላል፤ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሁለት ሳምንት ደጅ ጠናሁት። መዝገቡ እሱ ካዝና ውስጥ ነው፤ እኔ ያየሁት የልጆቹን ቁጥር የያዘውን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ነው። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«የአንዷን ልጅ ስም አምጪልኝ። ስሙ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ፣ በሕይወት ያለ ዘመድም ፈርሞ ከጠየቀ፣ እኔ ሳልወድ በግዴ ሥራውን አስቆማለሁ። የታወቀ መቃብር ላይ አስፋልት የሚያፈስ መሥሪያ ቤት የለም።»

ተረዱኝ አባባ? አንድ ስም አሥራ አንዱንም ያድናል። እሷንም ወደ ቤቷ መውሰድ እንችላለን። አያቴ የለችም፣ እናቴ አታውቅም። ስሟን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስሟን ይላኩልኝ።

ቨርና


ዋይትሮክስ
ጁላይ 29 ቀን 1974

ለልጄ ለቨርና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዝናቡ ዘግይቷል። ሁለተኛው ድርቆሽ ቀጭን ነው። መልስ የዘገየው እኔ ስለዘገየሁ ነው፤ ዶራን አትውቀሺ።

ስለ ንፋሱ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አባቴን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የጠየቅሽኝን አልሰጥሽም። ይህን በቁጣ አልናገርም፤ ስለማታውቂ እንጂ። እናትሽ ከተማ ልካ አስተማረችሽ። የሄደን ሰው ስም አንጠራም። የጠራ ሰው ከኋላዋ ሆኖ እንደሚጣራ ነው፤ ዞር ትላለች። ዞር ያለ ደግሞ መንገዱን አይጨርስም። መሞቷን መንግሥት የሾመብን ሹም መጥቶ የነገረን ቀን አባቴ የምትተኛበትን ድንኳን አቃጠለ፤ ውርንጭላዋን ወንዝ ዳር ወስዶ ገደላት። እናቴ ፀጉሯን ቆርጣ እሳት ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስም ማንም አልተነፈሰውም። ስድሳ ሦስት ዓመት። እናቴ ስትሞት እንኳ አልጠራችውም፤ ከንፈሯ ላይ አይቼዋለሁ፣ ዋጠችው። እኔ ነኝ አሁን ለአንድ ባርኔጣ ለባሽ የምሰጠው?

ተዪው ልጄ። መሬት የያዘውን መሬት ያውቃል። ሥራሽን ትተሽ ነይ። የዱር ቼሪው ደርሷል፤ የሚለቅም እጅ የለም።

ኦስካር

እኔ ዶራ ነኝ። ከደብዳቤሽ ወዲህ ምግብ ይቆነጥራል እንጂ አይበላም። አንቺን አልወቅስሽም። ብቻ እወቂው ብዬ ነው።


ሃርላን ከተማ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ
ኦገስት 8 ቀን 1974

ለአባባ ኦስካር፣

አክብሮቴ እንዳለ ነው። ሰላምታዬም እንዳለ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቢመርዎት ግን ያው እህትዎ ካሳደገቻት ልጅ የወጣ መሆኑን ያስቡ።

አድራሻዬ ተለውጧል፤ ከሥራ ተባርሬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ቤተሰብ ሐብሐብ ይዞ ሜዳው ላይ ምንጣፍ ዘረጋ። አባትየው ጥላ ያለበት ቦታ ጠየቀኝ።

«እዚያ አይቀመጡ፣ ጌታዬ» አልኩት፤ «ከሥርዎ ልጆች ተቀብረዋል።»

ሚስቱ ሐብሐቡን ይዛ ቆመች። ሰውየው የማን ልጆች እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ የእኛ ናቸው አልኩት። እነሱ ሄዱ፤ ቀጥሎ የመጡትንም እንዲሁ ብዬ መለስኩ፤ ሦስተኞቹን ስመልስ ሚስተር ኬንድሪክ መጣ። ቢሮው አስቀመጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ግን ሰው እዚህ የሚመጣው ለሽርሽር ነው።»

«እነዚያም የመጡት ለትምህርት ነበር» አልኩት።

ባርኔጣውን እንድመልስ ጠየቀኝ። የባሰው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ለእሱ ብዬ ጁንን ሙሉ የጻፍኩት የትምህርት ቤቱ ታሪክ ለጎብኚ በሚታደለው ወረቀት ላይ ታትሞ ወጥቷል፤ ስሜ የለበትም፣ መቃብሩም የለበትም። የሚናገረው ልጆቹ መጋገሪያ ቤት ሠርተው ዳቦ መጋገራቸውን ብቻ ነው።

ቃሉን ግን አላጠፈም፤ ስም ካመጣሽ አሁንም እቀበልሻለሁ ብሏል። ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። ዞር ትላለች ይሉኛል። አባባ፣ ወዴት ትሂድ? ማን አለቀሰላት? ድንኳኗ የተቃጠለው እሷ በሌለችበት ነው። ፈረሷ የሞተው እሷ ሁለት መቶ ማይል ርቃ ነው። መንገድ የጀመረች ይመስልዎታል? እኔ የሚመስለኝ እስካሁን እዚያው የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው። የእርስዎ ዝምታ ለእርስዎ አክብሮት ነው፤ ለእነሱ ግን ምቾት ነው። ስም የሌለው ልጅ ላይ መኪና ማቆም ይቀላል።

የቼሪ ለቃሚ እጅ ከፈለጉ ሌላ ይፈልጉ። እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም።

ቨርና


ዋይትሮክስ
ሴፕቴምበር 6

ቨርና።

ይህን ዶራ አልጻፈችም። ጎረቤት ልኬያታለሁ። እኔ ነኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ።

አምስት ዓመቴ ነበር። ጋሪው በጠዋት መጣ። አባቴ መሬቱን አጥሬ ገበሬ አልሆንም ስላለ ሹሙ ተቆጥቶ ነበር። እሷን ወሰዱ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንዳልከተላት በመቀነቷ ከፈረስ ማሰሪያው እንጨት ጋር አሰረችኝ። እየሳቀች ነው ያሰረችኝ። ጨዋታ መሰለኝ። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር፤ እናቴ ስትፈታኝ ጋሪው አይታይም።

አንቺ ትጠብቃለች ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

ስሟ በሌላው ወረቀት ላይ ነው። አጥፌዋለሁ። ለሰውየው አሳዪው፤ ድምፅሽን አውጥተሽ ግን አታንብቢው። ሲጨርስ ወረቀቱን መልሺልኝ። የጠየቀው ፊርማም አለ፤ ዶራና የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ምስክር ሆነዋል።

ከእናቴ አጠገብ ድንጋዩን ለቅሜ ቦታ አጽድቻለሁ። ትንሽ ነው። ትንሽ ልጅ ናት።

አምጪልኝ።

ኦስካር


ሃርላን ከተማ
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1974

ለአባባ ኦስካር፣

እትዬ ዶራ፣ ይህን ሲያነቡላቸው ቀስ ይበሉ፤ መሐል ላይ ግን አያቋርጡ።

ተገኘች ብዬ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር። አንድ ሣጥን ድንጋይና አፈር ሞልቼ፣ ዘግቼ ላመጣልዎ እስከማሰብ ደርሻለሁ። የዋሹን ብዙ ስለሆኑ አልጨመርኩበትም።

ደብዳቤዎ አርብ ደረሰኝ፤ ሥራው ሰኞ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው። ሮጥኩ። ሚስተር ኬንድሪክ ወረቀቱን ተቀበለ፣ መነጽሩን አጠለቀ። ድምፁን አውጥቶ እንዳያነበው ነገርኩት፤ ይህን እንኳ አከበረ። መዝገቡን ከካዝናው አውጥቶ ፊት ለፊቴ ዘረጋው። ሙሉውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ግሬስ። ሩት። ኢዲት። ግሬስ። ማርታ። ሩት።

አሥራ አንዱም እንዲህ ናቸው አባባ፤ ትምህርት ቤቱ ያወጣላቸው የነጮች ስም ብቻ። የአባት ስም የለም፣ ዕድሜ የለም። ከአሥራ አንዱ አራቱ ዩት ተብለዋል፤ አራቱም ሴቶች ናቸው፤ አራቱም የሞቱት በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሳል ነው። ሰውየው እርስዎ የጻፉትን ወረቀት ከገጹ አጠገብ አድርጎ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደ፣ እንደገናም ከታች እስከ ላይ አወጣ።

«የትኛዋ ናት?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

ይህን እንዴት አጣሁት? እርስዎ እንኳ ኦስካር የሆኑት አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፈው ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይታደል ስለነበር ከፊትዎ የቆመው ልጅ ኔልሰን ተብሎ እርስዎ ኦስካር ደረሰዎ፤ ቦታ ብንለዋወጥ ኔልሰን እሆን ነበር እያሉ ስንት ጊዜ አሥቀውናል። ዋይትሮክስ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቤት የለም። እኔ በዚህ ላይ ጽሑፍ ጽፌ ዲግሪ ተቀብያለሁ። እንደዚያም ሆኖ እርስዎ ስድሳ ሦስት ዓመት ያልተነፈሱትን ስም እነሱ መዝገብ ውስጥ አስቀምጠው የሚጠብቁኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎም ስሙን ከማውጣትዎ ጋር ሲታገሉ ይህ አልታየዎትም። ጋሪው ከሄደ በኋላ ምን ብለው እንደጠሯት ለቤተሰቡ የነገረ የለም።

አራቱንም ስጠኝ አልኩት። የሦስቱ ዘመዶች አልፈረሙም አለኝ። እንግዲያውስ ሜዳውን ለአሥራ አንዱም ተወው አልኩት። ዕቅዱ ጸድቋል አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከልቡ ያዘነ ይመስለኛል። ያ ደግሞ ለምንም አይጠቅምም።

ሰኞ ጠዋት ከዶዘሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሁለት ፖሊሶች በብብቴ ይዘው አነሡኝ፤ አንደኛው ወጣት ነው፣ ይቅርታ እህቴ ይል ነበር። እስከ ማታ ጣቢያ አቆይተው ለቀቁኝ፤ ዳግመኛ ግቢው ውስጥ ብገኝ እንደምታሰርም ነገሩኝ። ዛሬ ሐሙስ ከውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ሆኜ አየሁት። ሮለሩ ጨርሷል። አስፋልቱ ገና ይጨሳል። አንዲት ልጅ ከአባቷ መኪና ወርዳ ጫማዋ ተጣብቆባት ስትስቅ ሰማኋት።

መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ከዚያ የሚያባርረኝ የለም። ክረምቱ መንገዱን እስኪዘጋ በየቀኑ እቆማለሁ፤ መስኮቱን ዝቅ ላደረገ ሁሉ ጎማው ሥር ምን እንዳለ እነግረዋለሁ። በረዶው ሲቀልጥም እመለሳለሁ። የሚለውጠው ነገር የለም፤ አውቀዋለሁ። ዛሬ ሃያ ሦስት መኪና ነገርኩ። ሃያ ሦስቱም ገብተው ቆሙ።

ወረቀቱን መልሺ ብለውኝ ነበር። አልመለስኩትም፤ በፖስታ ሁለተኛ በሰው እጅ እንዲያልፍ አልፈለግኩም። ከወንዙ ዳር የጥድ ቅጠል አንድጄ አቃጠልኩት፤ ፀጉሬንም ቆርጬ ጨመርኩበት። ከእናትዎ ወዲህ ያንን ያደረገላት አልነበረም።

ያጸዱትን ቦታ አይድፈኑት አልልዎትም፤ ይድፈኑትም አልልዎትም። ስለገፋሁዎ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ይቅርታ የሚበቃው ነገር አይደለም።

አሁን ከወገኖቿ ስሟን የምናውቅ ሁለት ነን። እርስዎ አይጠሩትም። እኔም አልጠራውም። ብጠራትም የምትወጣበት መሬት የለም።

የእህትዎ የልጅ ልጅ፣
ቨርና